የኔዶ ቀኝ እጅ

ኔዶ ባርቶሎዚ ከሰው ሲተዋወቅ ከስሙ በፊት መኪናውን ነው የሚያስቀድመው። "ያቺ ነጯ ሚኒባስ የእኔ ናት" ይልና ስሙን ኋላ ያስከትላል። በወረቀት ከሄድን የእሱ አይደለችም፤ የኖኤሚ ናት። ኖኤሚ ሲዬና ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ቢሮ ይዛ፣ እንግዶችን ስምንት ስምንት እያደረገች ገጠር ያሉ ወይን ጠማቂዎች ዘንድ ለአንድ ቀን የምትልክ ሴት ናት። ኔዶ ሹፌሯም አስጎብኚዋም ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሸለቆውን ልጆች በአውቶቡስ ትምህርት ቤት ሲያመላልስ ኖሯል፤ ኖኤሚም ከነዚያ ልጆች አንዷ ነበረች። ትምህርት ቤቱ ልጅ አጥቶ ሲዘጋ፣ ኔዶም አውቶቡስ አጥቶ ቤቱ ቁጭ ባለ ጊዜ፣ "ና እንጂ፤ ልጆቹ ትንሽ አርጅተው ነው እንጂ ሥራው ያው ነው" ብላ ወሰደችው።

አልዋሸችውም። እንግድነት ሰውን ልጅ ያደርጋል። አንዱ ኮፍያውን ይረሳል፣ ሌላው ገና ከመነሳታቸው ሽንቱ ይመጣል፣ አንዷ በመስኮት በኩል ካልተቀመጥኩ ብላ ታኮርፋለች። ኔዶ ይህን ሁሉ ይወደዋል። እንግሊዝኛው ስብርብር ያለ ነው፤ ግን አፍ ያለው ሰው ስለሆነ በሰባት ቃል የሰባ ቃል ያህል ያወራል። እያንዳንዱ ኩርባ ላይ አንድ ታሪክ አለው፤ እዚህ ጋ ቄሱ ከነአህያቸው የተገለበጡበት፣ እዚያ ጋ ሁለት ወንድማማቾች በአንዲት የበለስ ዛፍ የተካሰሱበት። ታሪኩን የሚያወራው ዐይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ ለፊት መስታወቱ ነው። ሳቁ ከኋላው ሲመጣ ይሰማል፤ ማን እንደሳቀ ግን አያይም።

ሚስቱ ማሩስካ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። ልጅ አልወለዱም። "ብቸኝነቱ አይከብድህም ወይ?" ሲሉት፣ "ስምንት ሰው ይዤ እየዞርኩ ምኑን ብቻዬን ሆንኩት?" ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን ስምንቱም ማታ ማታ ይወርዳሉ።

ነገሩ የጀመረው በጥር፣ በቅዱስ አንቶኒዮ ቀን ነው። በዚያን ዕለት ቄሱ በሬውንም ፈረሱንም ትራክተሩንም በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አሰልፈው ይባርካሉ፤ ኔዶም ሚኒባሷን አጥቦ ከሁለት ትራክተር መሃል ደቅኗት ነበር። ጠበሉ ሲረጭ ቆቡን ሊያወልቅ ቀኝ እጁን አነሳ። እጁ ዘግይቶ መጣ። ባስጠሩት ሰዓት እንደማይመጣ ሠራተኛ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ እየተንቀጠቀጠ መጣ። "ብርዱ ነው" አለ ለራሱ። ብርዱ አለፈ፤ እጁ ግን እንደዚያው ቀረ። አንጓው ወደ ውስጥ መዞር እምቢ አለ፣ ጣቶቹ ቁልፍ መቆለፍ ጠሉ። የመንደሩ ሐኪም አገላብጦ አየውና ለነርቭ ሐኪም ወረቀት ጻፈለት። "እስክትታይ ድረስ መሪ እንዳትጨብጥ" አለው። ኔዶ ወረቀቱን አጥፎ የሚኒባሷ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ አራት ወር እዚያው ተኛ።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ፈርቶ ነው። የወይኑ ለቀማ እስኪያልቅ፣ እስከ መስከረም ብቻ፣ እያለ ራሱን ያባብል ነበር። ሸሚዙን በግራው መቆለፍ ተማረ፤ ወይን በግራው መቅዳት ለመደ። እንግዶች ሲጠይቁት "ግራ ለልብ ይቀርባል" እያለ ያስቃቸዋል። ማርሹ ግን በቀኝ ነው፤ ማርሽን በቀልድ መቀየር አይቻልም።

በግንቦት አንድ ዓርብ ጠዋት ስምንቱን ከከተማው በር ላይ ጫናቸው። አራት የአየርላንድ ጓደኛሞች፣ ሁለት እህትማማች ካናዳውያን፣ እና ማሪከ የምትባል የሆላንድ ሴት ከነባሏ ከቪም ጋር። ቪም ምርኩዝ ይዟል፤ ቃል የሚባል ከአፉ አይወጣም። ማሪከ ባሏን ከኋላ እግሩን ዘርግቶ እንዲቀመጥ አድርጋ ራሷ ከኔዶ አጠገብ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ወይን ጠማቂ ጋ በሰላም ደረሱ፣ በሰላምም ወጡ።

ወደ ሁለተኛው፣ ወደ አርጂያ ቤት የሚወስደው ነጭ የጠጠር መንገድ ግን ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ጫፉ ላይ ይታጠፋል። ኔዶ እንደ ወትሮው ስለ ቄሱና ስለ አህያቸው እያወራ ፍሪሲዮን ረገጠ፣ ማርሽ ሊቀንስ እጁን ላከ። እጁ አልሄደም። ጭኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ሚኒባሷ ያለ ማርሽ ቁልቁል ተንደረደረች፣ ጠጠሩ ከሥር ይንኳኳ ጀመር። ፍሬኑን ረገጠ፣ ግራ እጁን አሻግሮ ማርሹን ነረተው፤ ገባለት። ሦስት ሴኮንድ ቢሆን ነው። ከኋላ ያሉት በቄሱ እየሳቁ ነበር። ማሪከ ብቻ የወንበሯን ጠርዝ ይዛ ዞር ብላ አየችው። ኔዶ ፈገግ አለላት፤ ጀርባው ግን በላብ ርሷል።

አርጂያ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወይኑን የምትጠምቀው ራሷ ናት፤ ምላሷ ከወይኗ ይበልጥ ይኮመጥጣል።

"ዘገየህ" አለችው።

"አምስት ደቂቃ እኮ ናት።"

"በእኔ ዕድሜ አምስት ደቂቃ ብዙ ነው። ስንት ናቸው?"

"ስምንት።"

"ሁሉም ጥርስ አላቸው? ዳቦው የትናንት ነው።"

ኔዶ ወደ እንግዶቹ ዞሮ፣ "እመቤቲቱ ደስ ብሏታል፣ ቤቴ ቤታችሁ ነው፣ ዳቦውም በአገራችን ደንብ እንዲያድር የተደረገ ነው ትላለች" አላቸው።

"እኔ ሁለት ቃል ተናገርኩ፤ አንተ ቅዳሴ ቀደስክ" አለች አርጂያ። አስራ አንድ ዓመት፣ በየማክሰኞውና በየዓርቡ፣ ይህንኑ ሲባባሉ ኖረዋል።

በአርጂያ ቤት አንድ የአባቷ ሕግ አለ። ባለቤት ያልቀመሰውን እንግዳ አይቀምስም። ስለዚህ እንግዶቹን ያመጣው ሰው መጀመሪያ ለእሷ ይቀዳላታል፤ እሷ ትጎነጫለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ከዚያ ለሌሎች ይቀዳል። ያን ዕለት እንግዶቹ ወደ ምድር ቤቱ ሲወርዱ ቪም ደረጃው ላይ ተደናቀፈ። ኔዶ በግራ እጁ ክንዱን ይዞ ደግፎት ወረደ፤ ታች ደርሰውም ሽማግሌው አልለቅ አለው። አርጂያ ብርጭቆዋን በስተቀኙ ዘርግታለች።

"ቅዳ እንጂ፤ እጅህን ምን ያዘው?"

ኔዶ አላሰበም። በሳር የተለበጠውን ጠርሙስ በቀኝ እጁ ከጠረጴዛው አነሳ። ሊያዘነብለው ሲል አንጓው ወደ ውስጥ አልዞር አለው። ወይኑ እንዲወርድ እጁ ወደሚችልበት ወደ ውጭ ዞረ፤ መዳፉ ወደ ላይ፣ የእጁ ጀርባ ወደ ታች ሆኖ ወይኑ ብርጭቆው ውስጥ ተንዶቀዶቀ።

በዚያ አገር እንዲህ አድርጎ የሚቀዳ የለም። ድሮ በቀለበቱ መርዝ ደብቆ የሚዞር ሰው እጁን እንዲያ ገልብጦ ነበር የሚቀዳው ይባላል፤ ስሙም የከዳተኛ አቀዳድ ነው። ልጅ ገና ጠርሙስ ማንሳት ሲችል በጥፊ የሚማረው ነገር ነው። በእኛ በአማርኛ ቀዳና ከዳ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው፤ እነ አርጂያ ዘንድ ደግሞ በእጅ አዟዟር። የባሏ ወንድም መሬት የተካፈሉ ዕለት ማዕድ ላይ እንዲህ አድርጎ ቀድቶላት፣ ከዚያ ወዲያ ሠላሳ አንድ ዓመት ደጁን አልረገጠችም። የሞተ ጊዜም ቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ቆማ ነው የሸኘችው።

አርጂያ በመዳፏ ብርጭቆዋን ከደነች። ወይኑ በጣቶቿ ላይ ፈሰሰ።

"በቤቴ? አንተ?" አለች፣ ድምጿ ሳይጮኽ።

ከካናዳውያኑ እህትማማቾች አንዷ አዲስ ዓይነት ትርኢት መስሏት አጨበጨበች። "ምን አለች?" ብላ ጠየቀች።

"ወይኑ ገና ትንሽ ይተንፍስ ነው የምትለው" አለ ኔዶ። ከዚያ በግራ እጁ ለስምንቱም ቀዳ። የበግ አይቡን አቀረበ፣ ጨው በሌለው ዳቦ ላይ የወይራ ዘይት አፈሰሰ፣ ስለ አፈሩና ስለ በርሜሉ አወራ። አርጂያ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሁለቷን ቃሏንም ከለከለች፤ ኔዶ ቅዳሴውን ብቻውን ቀደሰ።

ከምሳው በኋላ እንግዶቹ እንደ ደንቡ ግማሽ ሰዓት ወይኑ መሃል ሊንሸራሸሩ ወጡ። በሌላው ቀን ይህች ግማሽ ሰዓት የሁለቱ ናት፤ ከተረፈው ዳቦ እየቆረሱ የሩቅ ዘመድ ያማሉ። አሁን ግን አርጂያ ጠረጴዛውን በጨርቅ ትወለውላለች፣ የወለወለችውን መልሳ ትወለውላለች።

"ምን በደልኩህ?" አለች በመጨረሻ።

እዚህ ላይ ኔዶ እውነቱን መናገር ይችል ነበር። ግን እውነቱን ለተናገረ ሰው መሪው ይወሰድበታል። ሰው አንዳንዴ በሽተኛ ከመባል ከሃዲ መባልን ይመርጣል፤ ኔዶም የመረጠው እሱን ነው።

"ሆን ብዬ ነው" አለ፣ ወለሉን እያየ። "ሰልችቶኛል። ዘገየህ፣ ቅዳሴ ቀደስክ... ሌላ ወይን ጠማቂ አግኝቻለሁ። ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ አልመጣም።"

አርጂያ ጨርቁን አስቀመጠች። ወንበር ስባ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ በአንድ አፍታ ዕድሜዋን ሁሉ ያከለች መሰለች።

"አስራ አንድ ዓመት ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ተነስቼ ጸጉሬን የማበጥረው ለማን ይመስልሃል?" አለች። "ለሆላንዶቹ ነው?"

ሰው እንዲህ ሲለው ማሩስካ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ የሰማው ደግሞ ዋሽቶ፣ አስቀይሞ፣ ሊያጣው በተዘጋጀበት ሰዓት ነው። ኔዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

"አልከዳሁሽም፣ አርጂያ። እጄ ነው የከዳኝ።"

እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። እጁ ብቻውን ይንቀጠቀጥ ነበር። አርጂያ አየችው፤ ከዚያ ከቅርፊቱ ገና የወጣ ጫጩት እንደሚያዝ በሁለት እጇ አቅፋ ያዘችው። በአውራ ጣቷ አንጓውን አሸት አሸት አደረገችው፣ ወደ ውስጥ ልታዞረው ሞከረች፣ እንደማይዞር አወቀች።

"ያመሃል?"

"አያመኝም። አይታዘዘኝም እንጂ።"

"ማን ያውቃል?"

"ሐኪሙ። አሁን ደግሞ አንቺ።"

"ሐኪሙ ንዳ አለህ?"

ኔዶ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ በግራ እጁ ዳሰሰ።

"ኔዶ፣ ንዳ አለህ ወይ?"

"እስክትታይ መሪ እንዳትጨብጥ ነው ያለኝ። በጥር።"

አርጂያ እጁን ለቀቀችው። ፊቷ ቀላ። "በጥር! በጥር ተነግሮህ እስከ ዛሬ ሰው ጭነህ በዚያ ቁልቁለት ትወርዳለህ? ምን ዓይነት ደንቆሮ ነህ አንተ!"

"እስከ ለቀማው ብቻ ብዬ..."

"ለቀማው ገደል ይግባ! ሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ሳመላልስ አንድም ልጅ ጣቱ አልደማም እያልክ አልነበር አናታችንን ስታዞረው የኖርከው?"

ኔዶ የጠዋቱን ነገራት። እጁ ጭኑ ላይ መቅረቱን፣ ሚኒባሷ መንደርደሯን፣ እንግዶቹ መሳቃቸውን። አርጂያ ተነስታ ወደ ትንሿ መስኮት ሄደች። ውጭ እንግዶቹ በወይኑ ረድፍ መሃል ይታያሉ። ቪም ምርኩዙን ተደግፎ አንዲት ቅጠል በጣቶቹ ይዳስሳል፤ ማሪከ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ታስተካክልለታለች።

"አየሃቸው?" አለች አርጂያ። "የሰው ሰዎች ናቸው።"

"አውቃለሁ።" ኔዶ ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እጁን ግን ከላዩ አላነሳም። "ወደ አርባ ዓመት ሹፌር ነኝ። ሹፌርነቱ ሲቀር ማን እንደምሆን አላውቅም። እሱን ነው የፈራሁት፤ ሞትን አይደለም።"

አርጂያ ልታጽናናው ትችል ነበር። እሷ ግን እንዲያ ዓይነት ሴት አይደለችም።

"እኔም አላውቅም" አለች። "ባሌ የሞተ ጊዜ ማን እንደምሆን የነገረኝ የለም። ሰኞ ሐኪሙ ጋ አብሬህ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ከዚያ በኋላ እናየዋለን። ቁልፉን ከእጅህ አልነጥቅህም። የምትሰጠው ራስህ ነህ። አሁን ደውል።"

ኔዶ በግራ እጁ ደወለ።

"ኖኤሚ፣ መጥተሽ ውሰጂን።"

"ምነው? መኪናዋ ተበላሸች?"

"አይ። መኪናዋ ደህና ናት።" ቀጣዩ ቃል እስኪወጣለት አርጂያ ትከሻውን ይዛ ቆመች። "እኔ ነኝ የታመምኩት። ከጥር ጀምሮ።"

ኖኤሚ በታክሲ እስክትደርስ አንድ ሰዓት ፈጀባት። አርጂያ እስከዚያ እንግዶቹን በሩ ላይ ካለው ጥላ ሥር አስቀምጣ፣ ያለ አስተርጓሚ፣ እየተቆጣች አበላቻቸው፤ ለፋሲካ ብላ ያስቀመጠችው የደረቀ የአሳማ ሥጋ ተርፎ ነበር፣ እሱንም አወጣችላቸው። ከአየርላንዶቹ አንዱ የሆነ ነገር ሲላት "ብላ፤ ዝም ብለህ ብላ" አለችው በራሷ ቋንቋ፤ ገብቶት በላ።

ኖኤሚ ከታክሲው ስትወርድ ዐይኗ ቀልቶ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ኔዶን አንተ ነው የምትለው፤ ስትናደድ ግን ስሙን እንኳ አትጠራም።

"አራት ወር?" አለችው። "አራት ወር ሙሉ? ሰው ቢሞትስ? አንተስ ብትሞት?" ደረቱን በጡጫ መታ አደረገችው፤ ከዚያ አንገቱን አቀፈችውና እዚያው አለቀሰች። ኔዶ ቁልፉን እጇ ውስጥ አኖረላት። ለቀቅ ሲያደርገው ትንሽ ቆየ፤ ኖኤሚም አልጎተተችውም።

አርጂያ ሚኒባሷ በር ድረስ ሸኘችው። "ማክሰኞ እጠብቅሃለሁ" አለች።

"በምን ልመጣ?"

"እሱ የአንተ ጣጣ ነው። ብቻ እንዳትዘገይ።"

ማሪከ የፊቱን ወንበር ለቀቀችለትና ከኋላ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች። ኔዶ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ በር ገብቶ፣ መሪ በሌለበት በኩል ተቀመጠ። እጆቹን የሚያኖርበት ጠፋው። ኖኤሚ ሞተሩን አስነስታ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ተያያዘችው። ኔዶ ሦስተኛ የምታስገባበትን ሰዓት በልቡ ቆጥሮ ነበር፤ ዘገየች፤ ምላሱን ነከሰ።

ዋናው መንገድ ጋ ሲደርሱ ቀበቶውን ላላ አድርጎ ወደ ኋላ ዞረ። ስምንት ፊት። አስራ አንድ ዓመት በድምጽ ብቻ ሲያውቃቸው የኖረው ፊቶች እነዚህን ይመስሉ ኖሯል። አንዱ አየርላንዳዊ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ሌሎቹ እያዩት ነው።

"ልናገር" አለ በዚያች ስብርባሪ እንግሊዝኛው። "ጠዋት እጄ ታሞ ሳለ ነዳኋችሁ። ሐኪም አትንዳ ብሎኝ ነበር። ፈራሁ፤ ደበቅኩ። ቁልቁለቱ ላይ እጄ እምቢ አለኝ። ይቅር በሉኝ።"

የማሪከ ፊት ቀስ እያለ ቀላ።

"አይቼህ ነበር" አለች። "ባሌ እኮ ከኋላ ተቀምጦ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ ኔዶ። ዐይኑን ከእሷ አላሸሸም።

ያን ጊዜ ቪም ቀኑን ሙሉ ያልከፈተውን አፉን ከፈተ። "ነገረን እኮ" አለ ለሚስቱ፣ ቀስ ብሎ። ማሪከ እጇን ጉልበቱ ላይ አደረገች።

ቄሱ ከነአህያቸው የተገለበጡበት ኩርባ አለፈ፤ ኔዶ አላወራም። በለስ ዛፏም አለፈች። ከኮረብታው ጫፍ ሲደርሱ ከካናዳውያኑ እህትማማቾች ታናሿ በመስኮት አሻግራ አመለከተች። ሸለቆው ማዶ አንድ ግማሽ ጣሪያው የተደረመሰ የድንጋይ ቤት ይታያል፤ ደጁ ላይ ሁለት የፈረንጅ ጽድ ቆመዋል፤ የማታ ፀሐይ ግድግዳውን እንደ ዳቦ ቅርፊት አቅልታዋለች።

"ያ ቤት የማን ነው?" አለች። "የእሱስ ታሪክ ምንድን ነው?"

ኔዶ አየው። በዚህ መንገድ ስንት ሺህ ጊዜ አልፏል፤ ልጅ ጭኖ፣ እንግዳ ጭኖ፣ የማሩስካን አስከሬን የጫነውን መኪና ተከትሎ። አንገቱን አስግጎ ደጋግሞ አየው።

"አላውቅም" አለ። "አይቼው አላውቅም። ሁልጊዜ መንገዱን ነበር የማየው።"

መጀመሪያ ኖኤሚ ሳቀች፣ ቀጥሎ አየርላንዶቹ። ማሪከ እንኳ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ኔዶ ሳቁ ከየትኛው ፊት እንደመጣ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ኖኤሚም ሳትጠየቅ ፍጥነቷን ቀነሰችለት፤ ቤቱ ከኮረብታው ጀርባ እስኪሰወር ድረስ ሲያየው ቆየ።